6,000 ብርሽን ያዢው፤ መጀመሪያ ወደቡ ላይ ጥያቄ ሰብስቢ

ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። አምና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሻል፣ ሥራ ገና አላገኘሽም፣ ያለሽ ስልክና የወንድምሽ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ቴሌግራም ላይ «በአፊሊዬት ማርኬቲንግ በ30 ቀን 1,000 ዶላር» የሚል ኮርስ በ6,000 ብር አይተሽ ልትከፍይ ነው። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? ገንዘቡስ እንዴት እጄ ይገባል? ላፕቶፑን ወንድሜ ቢወስደው በስልክ ብቻ ይሆናል ወይ? ብለሻል።

አትክፈይ እህት ዓለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይኸው ስለሆነ ነው እንዲህ ቁርጥ አድርጌ የምነግርሽ።

ለምን እንደሆነ በአንድ ሒሳብ ላሳይሽ። አማዞን የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መደብር ዕቃውን ለሚያስተዋውቁለት አጋሮቹ የሚከፍለው ሽያጩ የተፈጸመበት ወር ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ገዢው ዕቃውን ሊመልስ ስለሚችል ቀኑ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ዛሬ ጀምረሽ ዛሬውኑ ብትሸጪ እንኳ ገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርስሽ አይችልም። ኮርሱን የሚሸጥልሽ ሰው ያልኖረበትን ሥራ ነው የሚያስተምርሽ። ሌላም ነገር ተጠንቀቂ። ኮርሱን ከከፈልሽ በኋላ «አሁን አንቺም ይህንኑ ኮርስ ለጓደኞችሽ ሽጪ፣ ከእያንዳንዱ ድርሻ አለሽ» ካሉሽ አፊሊዬት ሳይሆን የፒራሚድ ሽያጭ ነው። እሱ ደግሞ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አፊሊዬት ማርኬቲንግ በእኛ ቋንቋ ድለላ ነው። የቤት ደላላ ተከራይና አከራይ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይወስዳል አይደል? አንቺም ገዢና ሻጭ ታገናኛለሽ፣ የምታገናኚው ግን በጽሑፍ ነው። ሻጩ የአንቺ መለያ ቁጥር ያለበት ሊንክ ይሰጥሻል። አንባቢሽ ያንን ሲነካ ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ስልኩ ላይ ትቀመጣለች፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ከገዛ ሽያጩ በስምሽ ይመዘገባል። አማዞን ይህን አሠራር በ1996 እንደ አውሮፓውያኑ ነው የጀመረው። የእሱ ኩኪ 24 ሰዓት ብቻ ይቆያል። ድርሻው እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ ለመጽሐፍ 4.5 በመቶ፣ ለኮምፒውተር 2.5 በመቶ። እንደ ቪያተር ያሉ የጉብኝት መሸጫዎች ደግሞ 8 በመቶ ይሰጣሉ፣ ኩኪያቸውም 30 ቀን ይቆያል። ቴክኒኩ ይኸው ነው። ለዚህ 6,000 ብር አይከፈልም።

የሚከብደው ሌላው ነው። ጣና ወደብ ሄደሽ ታውቂያለሽ። ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንዱ ፈረንጅ ባየ ቁጥር እጁን እየጎተተ «ጀልባ፣ ጀልባ» ይላል። ሌላው ዛፍ ሥር ይቀመጥና እንግዳው ግራ ተጋብቶ ሲቆም ተነሥቶ «የት መሄድ ነው የፈለጋችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ከመካከላቸው ሴት ካለች «ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አያስገባም፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ትገቢያለሽ» ይላታል። አሁን ነፋስ ስላለ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል ይላቸዋል። ማታ ላይ የማን ኪስ እንደሚሞላ የሚያየው ሰው ያውቀዋል። ብሎግ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትጽፊበት የራስሽ ገጽ፣ ያ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ልጅ ነው። ጥያቄ ይመልሳል፤ ሊንኩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት ብሎግ ስለ ስልኮች ነበር። በእጄ ነክቻቸው ስለማላውቃቸው ስልኮች አርባ ያህል ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ከሌሎች ገጾች እያነበብኩ፣ ቃላቱን እየቀያየርኩ። ማንም አላነበበውም። ለምን ያንብበው? ስልኩን የገዛ፣ የጣለ፣ ባትሪውን የለካ ሰው እያለ እኔን ምን ብሎ ይፈልገኛል? የተመዘገብኩበት ፕሮግራምም በተሰጠኝ ጊዜ ውስጥ ሽያጭ ስላላመጣሁ አካውንቴን ዘጋው። ስምንት ወር እንዲሁ ሄደ።

ከዚያ ስለ ጣና ገዳማት ጥቂት መጻፍ ጀመርኩ፣ ያለ ምንም ሊንክ። አንድ ቀን አንዲት የውጭ አገር ሴት ኢሜይል ላከችልኝ። እናቷ 71 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዘጌ ከጀልባ ወርደው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግራቸው መድረስ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር! ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ግን በወጣት እግር ነው የሄድኩት። በሚቀጥለው እሑድ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከወደቡ ጀምሬ ሰዓት ይዤ እንደ አሮጊት ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። መንገዱ በቡናው ጫካ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ የት ጋ ድንጋዩ እንደሚንሸራተት፣ የት ጋ የዛፍ ሥር እግር እንደሚጠልፍ፣ ዕቃ ከሚሸጡት እናቶች መካከል የትኛዋ ጋ በርጩማ እንዳለና አረፍ ማለት እንደሚቻል ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ እንደሚሻል፣ ጎንበስ ማለት ለሚከብደው ሰው ይህ ትልቅ ነገር እንደሆነም ጻፍኩ።

ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ በላይ ይነበባል። መጨረሻው ላይ የሚታጠፍ ምርኩዝ ሊንክ አስገባሁ፣ አንድ የቀን ጉብኝትም ጨመርኩ። የመጀመሪያው ኮሚሽኔ የዚያ ምርኩዝ ነው። 30 ዶላር ተሽጦ 90 ሳንቲም ደረሰኝ። ዘጠና ሳንቲም! ግን ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ መንገዱ የቱ እንደሆነ ገብቶኛላ። ከዚያ በኋላ ነው ጉብኝቶቹ መሸጥ የጀመሩት። 100 ዶላር ከሚከፈልበት ጉብኝት 8 ዶላር ሲገባ ነገሩ ይለያል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ጥያቄ መሰብሰብ ነው። ጉግል ላይ የከተማሽን ስም በእንግሊዝኛ ጻፊና ከሥሩ ራሱ የሚጨምራቸውን ቃላት ተመልከቺ፤ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው የሚወጣው። ግን ከዚያ በላይ ጆሮሽን ተጠቀሚ። አየር ማረፊያ አካባቢ፣ ወደብ፣ ጊዮርጊስ አደባባይ ዙሪያ፣ እንግዶች ምን ይጠይቃሉ? አንዱን ምሳሌ ልስጥሽ። «ጢስ ዓባይ መቼ ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይጠየቃል፣ ብዙ ገጽ ግን በክረምት ማብቂያ የተነሣ ፎቶ ይለጥፍና ሁልጊዜ እንዲያ የሆነ ያስመስለዋል። አንቺ እውነቱን ጻፊ። ውሃው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ወደ ተርባይኑ ስለሚዞር በሚያዝያ የሚሄድ ሰው ቀጭን ጅረት ነው የሚያየው። «በሚያዝያ ለፏፏቴው ብለህ 30 ኪሎ ሜትር አትሂድ፣ ይልቅ ያን ቀን ለገዳማቱ አድርገው» ብለሽ ከጻፍሽ አንድ ሽያጭ አጣሽ ማለት ነው። ያ ሰው ግን ቀጥሎ የምትይውን ሁሉ ያምንሻል። ደላላ እኮ የሚኖረው በታማኝነቱ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ «ገበያው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው የምትሰሚው። ግማሹ እውነት ነው። ጉብኝት የሚገዛው የውጭ እንግዳ ስለሆነ ለእሱ በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ፤ ቀላል እንግሊዝኛ ይበቃል፣ አጭር ዓረፍተ ነገር። እዚህ አገር ላለ አንባቢ በአማርኛ ጽፈሽ የአማዞን ሊንክ ብታስገቢ ግን ምንም አይሠራም። አንባቢሽ የሚከፍለው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ነው፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ጥቂቱ ነው፣ ዕቃው ቢመጣም ማጓጓዣና ቀረጡ አለ።

አማርኛ የሚያነብ፣ ካርድ ያለው፣ ዕቃው በሁለት ቀን ቤቱ የሚደርስለት ሰው የት አለ? ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ ሲያትል። ይህን ብዙዎቹ የእኛ ጀማሪዎች አያስቡትም፣ እኔን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይኸኛው ነው። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን እንጀራ በምን እንደሚጋግሩ ታውቂያለሽ? ብዙዎቹ ቤተኒ በሚባል የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ የተሠራው የኖርዌይ ዝርያ ላላቸው አሜሪካውያን ለፍሴ የሚባል ቂጣ እንዲጋግሩበት ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን ለእንጀራ ልክ ሆኖ አገኙት። አሁን አስቢው። አንዲት ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቷ አሜሪካ ሄደች። እናቷ አጠገቧ የሉም። እንጀራው ዓይን አላወጣ አላት፣ ምጣዱ ላይ ይጣበቅባታል። ማታ ተቀምጣ በአማርኛ «እንጀራ ለምን ዓይን አያወጣም» ብላ ትፈልጋለች። እርሾው ስንት ቀን ይቀመጥ፣ አብሲቱ እንዴት ይጣል፣ ምጣዱ በምን ይታሰስ፣ ሙቀቱ ስንት ላይ ይሁን? እናትሽ ጓዳ ውስጥ ይህን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። አንቺ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ሲያቦኩ ደረጃ በደረጃ ጻፊው፣ ፎቶ አንሺው። ምጣዱን፣ የጤፍ ዱቄቱን፣ ሰፌዱን የምትገዛበት ሊንክ ቦታው ያ ነው። ጀበናና ረከቦት፣ በርበሬ፣ የሐበሻ ቀሚስ አስተጣጠብ፣ ለአሜሪካ ለተወለደ ልጅ ፊደል ማስተማሪያ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ስለማታውቂው ምጣድ ግን «እኔ ሞክሬዋለሁ» እንዳትዪ። ውጭ አገር ያለች የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ካለችሽ ደውዪላት፣ የምትነግርሽን በስሟ ሳይሆን «እዚያ የምትኖር ዘመዴ እንደነገረችኝ» ብለሽ ጻፊ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ባጭሩ ልንገርሽ። እዚሁ ከተማ ካለ እንግዳ ማረፊያ፣ ከቡና ቆዪ፣ ከጀልባ ማኅበር ጋር በቀጥታ መስማማት ትችያለሽ። ኩኪ የለም፣ ሊንክ የለም፤ እንግዳው ሲደውል የብሎግሽን ስም ይጠቅሳል፣ በወሩ መጨረሻ ትተሳሰባላችሁ። ስምምነቱ በወረቀት ይሁን። በቃል ብቻ ተስማምቼ ሁለት ወር ያስመጣሁትን እንግዳ የካደኝ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈራረም አልሠራም።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? ፔይፓል የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሆንም፤ ስለዚህ በፔይፓል ብቻ የሚከፍል ፕሮግራም ገና ከጅምሩ ይለፍሽ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ፔዮኒር ነው። በስምሽ የውጭ ሂሳብ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ክፍያው እዚያ ይገባል፣ አንቺ ወደ አገር ውስጥ ባንክሽ ታዞሪዋለሽ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በባንክ መቀበሉ አያስቆጭም። መታወቂያሽ ላይ ያለው ስም፣ የባንኩ ስምና የፔዮኒሩ ስም በፊደል ደረጃ አንድ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ብትለያይ ገንዘብሽ ታግዶ ትንከራተቻለሽ። አሜሪካዊ አለመሆንሽን የምታረጋግጪበት ደብልዩ ኤይት ቤን የሚባል ፎርምም ፕሮግራሞቹ ይሰጡሻል፣ አትደንግጪ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ውጭ ባለ ዘመድ ስም ግን አትክፈቺ። ሲደርሱበት የሚዘጉት የለፋሽበትን አካውንት ነው።

አማዞን ላይ ለመመዝገብ አትቸኩዪ። በተመዘገብሽ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣሽ አካውንቱን ይዘጋሉ። ሰዓቱ የሚቆጥረው ከምዝገባሽ ቀን ጀምሮ ነው፤ ጀማሪው ሁሉ መጀመሪያ ይመዘገብና ከዚያ ምን ልጻፍ ይላል። አንቺ ገልብጪው። በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ ስድስት ወር፣ ሃያ አምስት ያህል ጽሑፍ ይሆናል። ሰው ማንበብ ሲጀምር ያኔ ተመዝገቢ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንዳገኙሽ ቃል በቃል ያሳይሻል፤ እሱን በየሳምንቱ እዪ። ከተመዘገብሽ በኋላ ደግሞ በራስሽ ሊንክ አትግዢ፤ ያግዱሻል። የአማዞንን ዋጋ ጽሑፍሽ ውስጥ አትጻፊ፤ ዋጋው ይለዋወጣል፣ ደንባቸውም አይፈቅድም።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። ብሎገር የሚባለው የብሎግ መክፈቻ የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ በጂሜይልሽ ይከፈታል። ሰው ማንበብ ሲጀምር የራስሽን ዶሜይን፣ ማለትም የገጽሽን አድራሻ ስም፣ ትገዢያለሽ፤ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። ዎርድፕሬስ የሚባለው ሌላው መክፈቻ የበለጠ ነፃነት ይሰጥሻል፣ ግን ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጽሽ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ፣ ያስከፍላል። ያንን ከመጀመሪያው ኮሚሽንሽ ክፈዪው። የወር ክፍያ ያለበት ነገር በኪሳራ ወራት ያስጨንቃል፣ የተጨነቀ ሰው ደግሞ የማያምንበትን ዕቃ ይሸጣል።

«ኤአይ ይጻፍልኝ» የሚለውም መምጣቱ አይቀርም። ፊደል ለማረም፣ እንግሊዝኛሽን ለማቃናት ተጠቀሚበት፣ ችግር የለውም። ግን ኤአይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ላይ የትኛዋ እናት በርጩማ እንዳላት አያውቅም። ጉግልም ከመጋቢት 2024 እንደ አውሮፓውያኑ ጀምሮ በሰውም ሆነ በማሽን በጅምላ የተፈለፈሉ፣ ለአንባቢ የማይጠቅሙ ገጾችን ከፍለጋው ለማውጣት ደንቡን አጥብቋል። በሳምንት ሃምሳ ጽሑፍ ከምታወጪ አንዱን በእግርሽ ሄደሽ ጻፊ።

ኮሚሽን እንደምታገኚ ለአንባቢሽ መናገር ግዴታሽ ነው። የአሜሪካ ሕግም ፕሮግራሞቹም ይጠይቃሉ። ከጽሑፉ አናት ላይ «በእነዚህ ሊንኮች ብትገዙ አነስተኛ ድርሻ አገኛለሁ፣ እናንተ ላይ ግን ዋጋ አይጨምርም» ብለሽ ጻፊው። ከሥር በደቃቁ አትደብቂው። አንባቢ እንዳይሸሽ ትፈሪ ይሆናል። እኔ ይህን አናት ላይ ካወጣሁ በኋላ «ልገዛ ስለሆነ በአንተ ሊንክ ልግዛ ብዬ ነው፣ የቱ ጋ ነው?» ብለው የጻፉልኝ አሉ።

መብራትና ኢንተርኔት አትጠብቂ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እኔ በደብተር ነበር የምጽፈው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ የደረስኩ ቀን ስድስቱን በአንድ ጊዜ አስገባኋቸው። ጥሩ ጽሑፎቼ የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው፤ ስልክ ስለማያቋርጠኝ ይሆናል።

እና በስልክ ይሆናል ወይ? ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በስልክ መጻፍ ትችያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ፎቶው። ስልክሽ የሚያነሣው ፎቶ አራት፣ አምስት ሜጋባይት ይሆናል፤ እንዲሁ ከጫንሽው ገጹ ሳይከፈት አንባቢው ይሄዳል። ከ200 ኪሎባይት በታች አሳንሺው፣ ነፃ መተግበሪያ ሞልቷል። ገዳም ውስጥ ስታነሺ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ፍላሽ አጥፊ። የሌላ ሰው ፎቶ አትውሰጂ፤ ታንኳውን አንቺ ራስሽ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር አንሺው።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ መነሣት ሳይጀምሩ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ወደቡ ላይ ተገኚ። የሰማሻቸውን የመጀመሪያ አምስት ጥያቄዎች እዚሁ ጻፊልኝና የትኛው ጽሑፍ እንደሚወጣው አብረን እንመርጣለን።